የዱር አተርና የጥፍር መቁረጫ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጓሮ አበባ ስትጽፉ የዱር አተርን ረሳችሁት። እኔ አዘዞ መንገድ ዳር ካገኘሁት ሐምራዊ አበባ ዘር ለቅሜ ሁለት ክረምት ዘራሁ። አንድም አልበቀለም! ለካ ቅርፊቱ ጠጠር ነው፤ ውሃ አያስገባም። ዘንድሮ እያንዳንዱን ፍሬ፣ ዐይኑን ሳልነካ፣ በጥፍር መቁረጫ ጫር አደረግሁት። ባለቤቴ «ለአተርም ጥፍር ትቆርጣለህ?» ብላ ስቃብኛለች። ከዚያ ውሃ ውስጥ አሳድሬ ያበጠውን ሰኔ ላይ እዚያው አጥሩ ሥር ዘራሁት፤ ሥሩ ማዛወር አይወድም። አሁን ክር መሳይ እጆቹን እየጠመጠመ ሸንበቆውን አልፏል። አበባውን በቀጠፍኩ ቁጥር ይጨምራል።

ከጻፋችሁ ግን አደራ፣ የጓያ ዘመድ መሆኑን አትርሱ። ጓያ ለብዙ ጊዜ አዘውትሮ የበላ ሰው እግሩ ይያዛል። ልጆች እሸት መስሏቸው ይሄንን እንዳይበሉት።

ከጎንደር፣ ጡረተኛ አንባቢያችሁ