ቅሬ ለቀብር ብቻ ነው እንዴ?

ሰላም አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ከገጠር ስለሚመጣው ሰው የጻፋችሁት አልተዋጠልኝም። ተደራጅቶ በጋራ ስለ መሥራት "ግንዛቤ የለውም" ትላላችሁ። ከቃሉና ከወረባቦ ወረዳ ተነስቶ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገባ የገበሬ ልጅ እኮ መዋጮ ሲሰበሰብ፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ (የእኛ አገር እድር) ሲቀባበር፣ በወንፈል የጎረቤት ማሳ ሲታጨድ እያየ ነው ያደገው። ከዚህ በላይ ምን ስልጠና አለ?

ካሊፎርኒያን እዩ። ዴላኖ ላይ በ1965 እ.ኤ.አ. የወይን እርሻውን የሥራ ማቆም አድማ የጀመሩት ፊሊፒናውያን ስደተኞች ናቸው፤ ሜክሲኳውያኑ ወዲያው ተከተሏቸው። ሠራተኞቹ የጭነት መኪና ላይ ወጥተው አለቃቸው ላይ የሚቀልድ አጭር ቲያትር ይሠሩ ነበር፣ ሰዉም እየሳቀ ይሰባሰባል። በ1970 እ.ኤ.አ. አሠሪዎቹ የኅብረት ስምምነት ፈረሙ።

እኛ ጋ ግን የሰፈር ስብሰባ ሲጠራ፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውን የፋብሪካ ልጅ የሚያስታውስ የለም። (ደግሞ ልጆቹ ፈረቃ ላይ ባሉበት ሰዓት!) የሰፈር ቅሬዎች ተከራዩንም ይመዝግቡ። ቀበሌው ስለ ውሃና ስለ መንገድ መብራት ሲወስን ከየቅሬው አንድ ወጣት ተከራይ ይቀመጥ፣ ስብሰባውም እሁድ ይሁን።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ