ሦስት አራተኛ ለግማሽ ሲካፈል ሦስት ስምንተኛ አይሆንም

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ አዲሱ የሒሳብ ሥርዓተ ትምህርት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ጊዜ ንዴቴን ጭራሽ አባሰው። መምህራን ሥልጠናም ተሰጥቷቸው፣ የተዘጋጀ ዕቅድም እጃቸው ገብቶ ከለመዱት መላቀቅ አልፈለጉም ብላችኋል። አሠልጣኙን ጠይቃችኋል። ኃላፊውን ጠይቃችኋል። ወላጆችም ተናግረዋል። ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ሰው ግን ከላይ እስከ ታች ብፈልግ አንድም የለም። ስለ እኛ ተጻፈ እንጂ እኛን ያናገረን የለም።

ይህን ለጊዜው ልተወውና ወደ አንዲት ሣጥን ልምጣ። በዘገባው መሃል አዲሱን ዘዴ ለማሳየት ያስቀመጣችኋትን ማለቴ ነው። 3/4 ÷ 1/2። ከሥሩ "ሦስት አራተኛን በግማሽ እንከፍለዋለን" ይልና 3/8 ብሎ ይጨርሳል።

ስህተት ነው። መልሱ 1 1/2 ነው።

በግማሽ መክፈል ማለት ለ2 ማካፈል ነው። ለግማሽ ማካፈል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ግማሽ በሦስት አራተኛ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገኛል ነው የሚለው። ስናወራው ልዩነቱ "በ" እና "ለ" ብቻ ስለሆነ ጆሮ አይለየውም። ልጆችም የሚስቱት እዚሁ ላይ ነው። እናንተም ሳታችሁ። ታዲያ የራሳችሁ ምሳሌ እንዲህ ከተበላሸ፣ መምህራን የጎደላቸው ፍላጎት ብቻ ነው ብላችሁ የፈረዳችሁት በምን ሚዛን ነው?

ስህተቱ የእናንተ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዋ የሊፒንግ ማ ጥናት 23 የአሜሪካና 72 የቻይና የአንደኛ ደረጃ መምህራንን 1 3/4 ÷ 1/2 እንዲሠሩ፣ ከዚያም ስሌቱን የሚገልጽ ታሪክ እንዲፈጥሩ ጠይቆ ነበር። ቻይናውያኑ ሁሉም በትክክል ሠሩት። ከአሜሪካውያኑ ግን ግማሾቹ እንኳ አልሆነላቸውም፤ ትክክለኛ ታሪክ የፈጠረውም ከ23ቱ አንድ ብቻ ነበር። ብዙዎቹ ለግማሽ ማካፈልን ለሁለት ከማካፈል ጋር አምታተውት ነበር፣ ልክ እንደ ሣጥናችሁ። በትምህርት ቤት ባሳለፉት ዓመት ቢቆጠር ብዙ የተማሩት አሜሪካውያኑ ነበሩ። ቻይናውያኑን የረዳቸው አንዱ ነገር የሚያስተምሩትን ይዘት ከባልደረቦቻቸው ጋር ቁጭ ብለው በጥልቀት ማጥናታቸው ነው። ቁጭ ብለው! እኛ የጠየቅነውም ይህንኑ ነው።

እኛ ያገኘነው ሥልጠና ምን ነበር? ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ስላይድ ሲነበብልን ዋልን። ስለ ክፍልፋይ ማካፈል እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ። "መምሪያው ላይ አለ" ተባልኩ። መምሪያው ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፦ ተማሪዎች ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈልን እንዲረዱ ማድረግ። እንዴት እንደሚረዱት፣ የት እንደሚሳሳቱ፣ ሲሳሳቱ ምን እንደምላቸው አንድም ቃል የለም። ከዚያ ትምህርት ቤት ተመልሼ ዕቅዴን ሠርቼ አስገባሁ። በቀይ ተሠምሮበት ተመለሰ። አንድ ዓምድ ባዶ ስለቀረ ነው። ሒሳቡን ያየልኝ ሰው አልነበረም። ያ ቀን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

የተዘጋጀው ዕቅድ "መግቢያ 5 ደቂቃ፣ ገለጻ 15 ደቂቃ" እያለ ይቀጥላል። ሰዓት መከፋፈል ይቻላል፣ እሱ አይከብድም። ከባዱ ልጁ ምን ብሎ እንደሚመልስ ቀድሞ ማሰብ ነው። በገመድ ላሳያችሁ። ሦስት አራተኛ ሜትር ገመድ አለን። ግማሽ ሜትር፣ ግማሽ ሜትር እያደረግን እንቁረጠው። አንድ ሙሉ ቁራጭ ይወጣል፣ ሩብ ሜትር ይተርፋል። እዚህ ጋ ጎበዝ የሚባለው ልጅ ሳይቀር "አንድ ከሩብ" ይላል። ምክንያቱም የተረፈው ሩብ መሆኑን በዓይኑ እያየ ነው! ልክ ነው፣ ሩብ ሜትር ነው። እኛ የምንቆጥረው ግን ሜትር ሳይሆን ቁራጭ ነው፤ ያ ትርፍ ደግሞ የአንድ ቁራጭ ግማሽ ነው። ስለዚህ አንድ ተኩል። መምህሩ ይህን መልስ አስቀድሞ ካልጠበቀው "ተሳስተሃል፣ ገልብጠህ አባዛ" ብሎ ያልፋል። እኔ ራሴ ለዓመታት እንዲያ ነበር የማልፈው፣ ያሳዘንኳቸው ልጆች ፊት አሁንም ይታየኛል። አዲሱ ስታንዳርድ ልጆች ለምን እንደሚገለበጥ እንዲያውቁ ይፈልጋል። እደግፈዋለሁ፣ ከልቤ። ዘገባችሁ ግን የምንቃወም አስመሰለን።

ይህን ትምህርት ያስተካከልኩት በሥልጠናው አይደለም። ሦስት መምህራን ከትምህርት ሰዓት ውጪ ተሰብስበን፣ አንዲት ክፍለ ጊዜ ለማቀድ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። መጀመሪያ ጥያቄውን ራሳችን ሠራነው። የልጆቹን ስህተት ገመትን። ቀጥሎ አንዷ አስተማረች፣ ሁለታችን ከኋላ ተቀምጠን ልጆቹን አየን፣ ከዚያ አስተካክለነው እኔ በእኔ ክፍል አስተማርኩት። ጃፓኖች ይህን ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠሩበት ኖረዋል፣ ጁግዮ ኬንክዩ ይሉታል። ለእኛ ግን በሥራ ሰዓት ውስጥ የተሰጠን ቦታ የለም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡን ብለን ጠይቀን "ፕሮግራሙ አይፈቅድም" ተብለናል። ሦስት ቀን ሙሉ አዳራሽ ለማስቀመጥ የፈቀደ ፕሮግራም ለአርባ ደቂቃ እንዴት እምቢ ይላል? ዘገባችሁ ይህን ጥያቄ ለኃላፊው ቢያቀርብለት ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

አሁን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መምህራን ዕቅድ ሲያወጡ ጋዜጠኛ ልካችሁ አንድ ከሰዓት አብሮን ይቀመጥ፣ የሚያየውንም ይጻፍ። ሣጥኑንም አርሙ። ስታርሙት ግን 3/8 የሚለውን ሰርዛችሁ 1 1/2 ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ገመዱንም አስገቡት፣ የተረፈችውንም ሩብ ሜትር። ማታ ልጆቻቸውን የቤት ሥራ የሚያሠሩ ወላጆች ያችን ሣጥን አይተው 3/8 እያስጠኑ ይሆናል።

የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት