ደብዳቤ ለልጄ፦ የጥልፉ ጀርባ

ሚጣዬ፣ የኔ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴም ተሽሎኛል። ይህን የምጽፍልሽ ቅዳሜ ማታ ነው። ዘመነ ጽጌ ስለሆነ ሌሊት ለማኅሌት እወጣለሁ። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ወረቀት አነሳሁ።

ለእንቁጣጣሽ ከሕክምና ትምህርትሽ መጥተሽ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ቡና እየቆላሁ ነበር። «እማዬ፣ የሰው ልብ በእጄ ያዝኩ» አልሽኝ። «ሥጋ ነው። አራት ክፍል ያለው ፓምፕ ነው። ድሮ ምስጢር ምስጢር ስትሉት የነበረው የት እንደገባ እንጃ።» ያን ጊዜ ዝም አልኩሽ። የተቆጣሁ እንዳይመስልሽ፤ መልስ አጥቼ ነው። አሁንም የተማረ ሰው መልስ የለኝም። እኔ የማውቀው ጥልፍ ነው፤ በማውቀው ልንገርሽ።

ቀሚስ ሊገዛ የመጣ ሰው ፊቱን ያያል። ቀለሙ ካማረው ዋጋ ይጠይቃል። ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ግን ይገለብጠዋል። ክሩ ካንዱ አበባ ወደ ሌላው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተጎትቶ እንደሆነ፣ ቋጠሮው ተዝረክርኮ እንደሆነ እዚያ ያየዋል። እናቴ ስታስተምረኝ ፊቱን ዞር ብላም አታየው። ጀርባው ካላማራት «ፍቺው» ነው የምትለኝ። ስንት ጊዜ እያለቀስኩ እንደፈታሁ ቤት ይቁጠረው። «ማን ያየዋል?» ስላት «አንቺ አይተሽዋል አይደል?» ትለኝ ነበር።

ልጄ፣ አንቺ ዘንድሮ ያየሽው የእግዚአብሔርን ጥልፍ ጀርባ ነው። እኛ ፊቱን ብቻ አይተን ነው «ግሩም» የምንለው። ላንቺ ገልብጠው አሳዩሽ። ታዲያ ተዝረክርኮ አገኘሽው?

አላገኘሽውም። ይህንንም ያወቅኩት ካንቺው አፍ ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ በዚያው ቀን ሁለተኛውን ቡና ስንጠጣ ስለ ሕፃን ልብ ነገርሽኝ። ሕፃን በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። አየሩ ከእንግዴ ልጁ በእትብቱ በኩል ከደም ጋር ይመጣለታል። ስለዚህ ልቡ ውስጥ ደሙን ከቀኝ ወደ ግራ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ላይም ስስ ሽፋን አለች። ሕፃኑ ተወልዶ ሲያለቅስ ሳንባው ይነፋል፣ ደሙም ወደዚያው ይጎርፋል። ከሳንባ ዞሮ በግራ በኩል ሲመለስ ያቺን ሽፋን ገፍቶ በሩን ይዘጋዋል። እጅሽን እንደ በር እያጠፍሽ ነበር የምታሳዪኝ። ዓይንሽ ሲያበራ አይቻለሁ። ፓምፕ ነው ያልሽው ልብ ነው እንግዲህ! ገና ላልመጣ ትንፋሽ አስቀድሞ በር የተሠራለት። ዳዊት «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁና አመሰግንሃለሁ» ሲል ይቺን በር አላያትም። አንቺ አየሻት። ከእሱ ይልቅ ያንቺ ምስጋና ሊበዛ ይገባል እላለሁ።

ያንቺን ታሪክ ደግሞ ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። በሰባት ወርሽ ነው የመጣሽው። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ጆሮሽ እንደ አበባ ቅጠል ስስ ነበር፤ ቆዳሽ ሥር የደም ሥሩ ይታያል። ማሞቂያው ሁሉ በሕፃናት ተይዞ ነበር። አንዲት ነርስ ልብሴን አስከፍታ ደረቴ ላይ አስቀመጠችሽ፣ በነጠላዬ ጠበቅ አድርጋ አሰረችን። «ያንቺ ገላ ማሞቂያ ነው፤ እንዳታወርጃት» አለችኝ። ይህ አያያዝ በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ማሞቂያ አልበቃ ብሎ እንደተጀመረ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትንፋሽሽ ቆም ሲል ደረቴ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንቺም ተከትለሽ ትተነፍሻለሽ። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ውዳሴ ማርያም ስደግም አደርኩ። በሰማንያ ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ ቄሱ ውኃ ውስጥ ሲነክሩሽ ጩኸትሽ ቅጥሩን አልፎ ሄደ። አባትሽ እዚያው ተንበረከከ።

ከእኔ አጠገብ የነበረችው እናት ግን ልጇ አላደረላትም። እሷም ጸልያ ነበር፤ ነርሷም እኩል ነው የደከመችው። ስለ እሱ ያኔም መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም። እግዚአብሔር ለእኔ ብቻ እንዳዳላ አድርጌ ማውራት ስለማልፈልግ ነው ታሪክሽን ያሳጠርኩብሽ። ወደፊት አንቺም እንዲህ ያለች እናት ፊት ትቆሚያለሽ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለሽ ቶሎ አትሂጂባት። አጠገቧ ተቀመጪ። ያቺ ነርስ እንዲያ ነው ያደረገችው፤ ሥራዋ አልቆ እንኳ አልሄደችም። የእግዚአብሔርን እጅ አየሁ ስል ከሰማይ የወረደ እጅ አይደለም። አዮዲን አዮዲን የሚሸት፣ ጥፍሩ አጥሮ የተቆረጠ የሰው እጅ ነው።

ሰሞኑን አደይ አበባ ስጠልፍ ነው የሰነበትኩት። ንድፉን በልቤ ነበር የማውቀው። ባለፈው ግን ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ አንዱን ቀጥፌ አመጣሁና መነጽሬን አድርጌ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። መሃሉ ላይ ያለው ቢጫ ድፍን ይመስለኝ ነበር። ለካ ድፍን አይደለም! እያንዳንዷ ቅንጣት ራሷን የቻለች ትንሽ አበባ ናት፤ አፏ ተከፍቶ፣ ውስጧ ዱቄት ይዛ። ስንት ዓመት ስጠልፈው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ክረምት ሲወጣ ተራራውን ያለብሰዋል፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይረግፋል። አብዛኛውን ማንም ቀርቦ ሳያየው ነው የሚረግፈው። እሱም እንዲህ ተጠንቅቆ ተሠርቷል።

የአስኳላውን ነገር በርትተሽ ተማሪ። የምታውቂውን ሁሉ እወቂ፤ ለእኔ ስጋት አይሆንብኝም። ብቻ ስትደውዪ ያየሽውን ንገሪኝ፣ እንደዚያች በር ያለውን።

በሚኒባሱ ሾፌር እጅ ዳቦ ቆሎና ትንሽ ቅቤ ልኬልሻለሁ። ቅቤውን ሙቀት ቦታ እንዳታስቀምጪው። ነጩን ጋውንሽንም አጥቤ ልኬዋለሁ። ኪሱ ላይ አንዲት አደይ አበባ ጠልፌልሻለሁ፤ መሃሏን እንዳየሁት ነጥብ በነጥብ ነው የሠራሁት፣ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ሲደርስሽ ኪሱን ገልብጠሽ ጀርባውንም እይው።

እናትሽ