በጤና ምርምር መረጃ ላይ ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲነሳ አብዛኛው ወሬ ስለ ባንክና ስለ ቴሌኮም ደንበኞች ነው፤ ለጤና ምርምር የሚሰበሰበው መረጃ እምብዛም አይታወስም። አዋጁ ግን የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦ፣ ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው መስክ ላይ ነው። ከመጠይቁ ስም ተሰርዞ ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ሥራና የሕመም ዓይነት ከቀሩ፣ በአንዲት የገጠር ቀበሌ ያለችውን ብቸኛ ርዕሰ መምህርት ለመለየት የጎረቤት ጥቆማ እንኳ አያስፈልግም። የስምምነት ቅጹም «መረጃዎ በምስጢር ይያዛል» ይልና፣ ፋይሉ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ጥናት፣ ምናልባትም ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ሊተላለፍ እንደሚችል ሳይገልጽ ያስፈርማል፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ የጣት አሻራ ይበቃዋል።

መረጃ ተቆልፎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም፤ በሕዝብ ገንዘብና በታማሚዎች ትብብር የተገኘ መረጃ አንድ ተመራማሪ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀብሮ መቅረቱም በደል ነው። ሆኖም የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች፣ የደም ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ ውል እንደሚጠይቁት ሁሉ፣ መረጃውም ለማን፣ ለምን ዓላማና በምን ግዴታ እንደሚሰጥ፣ ተሳታፊው ፈቃዱን ቢያነሳ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ጥናቱን ከማጽደቃቸው በፊት በጽሑፍ ሊጠይቁ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ