ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቶች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ ኮምፒውተር ከመቁጠር በፊት

ክቡር ኃላፊ፣

የካቶሊክ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር በቴክኖሎጂ ትምህርት ሲመዘን አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ምን እንደተማረና ትምህርት ቤቱ ስንት ኮምፒውተር እንዳለው ነው። ሁለቱም አሳሳች መለኪያዎች ስለሆኑ ይህን ጻፍንልዎ።

ከእነዚህ ርዕሰ መምህራን መካከል ነገረ መለኮት፣ ፍልስፍና ወይም ቋንቋ ያጠኑ ካህናት፣ ሲስተሮችና ምእመናን አሉ። ከዚህ ተነስቶ ኮምፒውተር አይሆንላቸውም ማለት ግን ስህተት ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበሩት አባ ሮቤርቶ ቡዛ የቅዱስ ቶማስ አኩዊናስን ቃላት በማሽን ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ1949 የአሜሪካውን የማሽን አምራች ኩባንያ የአይቢኤምን በር ሲያንኳኩ የፍልስፍና ሰው ነበሩ። ሲስተር ሜሪ ኬኔት ኬለርም እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ናቸው። ዲግሪው ምንም ይሁን ምን፣ ርዕሰ መምህሩ የኮምፒውተር ክፍሉን ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ ይችል እንደሆነ ነው መታየት ያለበት።

ለምሳሌ 20 ዴስክቶፖች ተገዙ እንበል። እያንዳንዱ ከነስክሪኑ 150 ዋት ቢስብ በድምሩ 3,000 ዋት ይሆናል፤ በ220 ቮልት ወደ 14 አምፔር ማለት ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር (ከመጠን በላይ ኃይል ሲሳብ መስመሩን የሚያቋርጠው መሣሪያ) የሚበቃው ይመስላል። ነገር ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲበሩ ፓወር ሰፕላዮቹ (ለማሽኖቹ ኃይል የሚያቀብሉት ክፍሎች) ለቅጽበት የሚስቡት ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል፤ ወቀሳው ደግሞ ማሽኖቹ ላይ ያርፋል። መስመሩን ቢያንስ ለሁለት መክፈል፣ ረድፍ በረድፍ ማብራት፣ ሌዘር ፕሪንተርን በዚያው መስመር ላይ አለመሰካት ይበቃል።

ከዚህ የረቀቀ ችግር የምታመጣው በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ላይ የተቀመጠችው ሳንቲም የምታክል የ3 ቮልት ባትሪ ናት። ስታልቅ፣ ማሽኑ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ የድረ ገጾቹን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው፣ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ያለው የደህንነት የምስክር ወረቀት በማሽኑ አቆጣጠር ገና ስላልጀመረ፣ አሳሹ (ብራውዘሩ) ማስጠንቀቂያ ያሳያል እንጂ ገጹን አይከፍትም። ጥፋቱ ለኢንተርኔቱ ይሰጥና ለፈጣን መስመር ገንዘብ ይወጣል። መጀመሪያ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን የሚያይ ሰው ግን ባትሪዋን ለውጦና ሰዓቱን አስተካክሎ ጉዳዩን ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ወጪ ሲቀርብለት "ቀኑን አያችሁ?" የሚል ርዕሰ መምህር ከብዙ ባለ ዲግሪ ይሻላል።

40 ተማሪ በ20 ማሽን መማር ይችላል። ጥንዶቹ በየ10 ደቂቃው ኪቦርዱን ካልተቀያየሩ ግን ፈጣኑ ዓመቱን ሙሉ ሲጽፍ ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተመለከተ ቫቲካን እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2025 ያወጣችው "አንቲኳ ኤት ኖቫ" የተሰኘው ሰነድ፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ተማሪው ራሱ መልሱ ላይ እንዲደርስ ከመገፋፋት ይልቅ መልሱን ብቻ ያቀብላሉ ሲል ይወቅሳል። በክፍል ውስጥ ይህ የሚተረጎመው በቀላል አሠራር ነው። ተማሪው መጀመሪያ የራሱን መፍትሔ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙን ይጠይቃል፤ በመጨረሻ የፕሮግራሙ መልስ የተሳሳተበትን ወይም ያጎደለውን በቀይ ያሰምራል። ወረቀቱ ከሌለ ዘዴው የለም ማለት ነው።

የሃይማኖት ትምህርቱ ይዘት የጳጳሱ ኃላፊነት ነው፤ የብሬከሩ ጉዳይ ግን እርስዎንም ይመለከታል። ስለዚህ በምዘናው ቅጽ ላይ በኮምፒውተር ብዛት ምትክ በትክክል የሚሠሩት ብዛት ይግባ። ተቆጣጣሪው የመጣ ዕለት ማሽኖቹን በሙሉ ያስበራ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብሎ ይይ፣ ቀይ የተሰመረባቸውን ወረቀቶችና የጥገና መዝገቡን ይጠይቅ። መዝገቡ ለወራት ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ ምክንያቱን ከኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኛ ሳይሆን ከርዕሰ መምህሩ ይስማ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ትምህርትና ጥገና ባለሙያዎች