«ትንሣኤ» ሳይሆን ተመልሶ መወለድ ነው

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፦

«ፊኛ» ስለተሰኘው የቲቤት ፊልም በኪነ ጥበብ አምዳችሁ መጻፋችሁ ያስመሰግናል። የቃላት ምርጫው ግን የታሪኩን አከርካሪ ሰብሮታል።

በፊልሙ ውስጥ ላማው፣ ማለትም መንፈሳዊ መምህሩ፣ ስለ ሟቹ አያት የተናገረው «ትንሣኤ» ተብሎ ተተርጉሟል። በእኛ ጆሮ ትንሣኤ ማለት የሞተው ሰው ራሱ ከመቃብር ሲነሣ ነው። ላማው ያለው ሽማግሌው እዚያው ቤት ሕፃን ሆነው ይመጣሉ ነው። «ዳግም ልደት»ም አያዋጣም፤ ጥምቀትን ያስታውሳል። «ተመልሶ መወለድ» ቢባል ማንም ይገባዋል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የፊልሙ ባለታሪክ ድሮልካር ሦስት ወንዶች ልጆች አሏት፤ በዘመኑ የቻይና የቤተሰብ ምጣኔ ደንብ አራተኛው መቀጮ ያስከትላል። ትንንሾቹ ልጆቿ ወላጆቻቸው እርግዝናን ለመከላከል ያስቀመጧቸውን ኮንዶሞች እንደ ፊኛ ነፍተው ተጫወቱባቸው፤ እሷም አረገዘች። እርግዝናው ከአማቷ ሞት ጋር ገጠመ። ባሏ ዳርግዬ በጽንሱ ውስጥ የሚያየው አባቱን ነው፤ ለእሱ ማስወረድ ማለት አባቱን ከደጃፍ መመለስ ነው። ይህ ካልገባን ሰውየው እንዲሁ ጨካኝ ይመስለናል፤ የእሷም ጭንቅ ወደ መቀጮ ጉዳይ ይወርዳል።

የ49 ቀኑን ጸሎት «አርባ» ማለትም ያሳስታል። በቲቤት ቡድሂዝም ሟቹ ወደሚቀጥለው ልደት የሚሻገርበት ጊዜ እስከ ሰባት ጊዜ ሰባት ቀን ይደርሳል፤ በየሰባተኛው ቀንም ይጸለያል። የእኛ አርባ ለነፍስ ምሕረት የሚለመንበት ነው። በትልቁ ልጅ ጀርባ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ «ማርያም የሳመችው» ማለት ደግሞ ለዕለት ንግግር ያምራል፤ እዚህ ግን ነጥቧ የሞተችው አያቱ በእሱ ተመልሳ ለመምጣቷ ምልክት ናት። «ጥቁር ነጥብ» ይበቃል።

በእርባታው በኩል አማርኛችን ሀብታም ስለሆነ ስህተቱ ይበልጥ ያሳዝናል። ዳርግዬ የተዋሰው በግ «ሙክት» ተብሏል። ሙክት የተኮላሸ ነው፤ ሰው ለማስጠቃት የሚዋሰው አውራ በግ ነው። ሳትወልድ ቀርታ ለሽያጭ የምትለየዋ በግም «መሲና» መባል ነበረባት። ፊልሙ የእንስሳቱን መራባትና የሴቲቱን ማህፀን ጎን ለጎን አቁሞ ነው የሚያሳየን፤ ቃሉ ሲሳሳት ያ ሁሉ ይጠፋል።

«ላማ»ን «መነኩሴ» አትበሉት። መነኩሴ ሁሉ ላማ አይደለም፤ ላማ መንፈሳዊ መምህር ነው። የድሮልካርን እህት ግን «መነኩሲት» ማለት ልክ ነው።

በመጨረሻም ጽሑፉ ዳይሬክተሩን ፔማ ትሴደንን ሁለት ሰው አድርጎታል። «ዋንማ ካይዳን» የተባለው የእሱው ስም በቻይንኛ አጠራር ተጽፎ ነው፤ ቻይንኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ሲ» (C) ፊደል «ትስ» ተብሎ ስለሚነበብ «ካይዳን» ራሱ የተሳሳተ ነው። በ1969 በቻይና ቺንግሃይ ክፍለ ሀገር ተወልዶ በግንቦት 2023 ያረፈ አንድ ሰው ነው (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፊልሙ የሚነገረውም በቻይንኛ ሳይሆን በአምዶ ቲቤትኛ ነው። በሚቀጥለው እትም ቢያንስ ስሙንና «ትንሣኤ»ን አርሙልን።

ከአክብሮት ጋር