ድንኳን ውስጥ የጀመርኩት ደብዳቤ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ 17

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ? ክረምት ሲገባ ያምሽ እንደነበር አልረሳሁም።

ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ቆጥሬዋለሁ። በመሃል አራት ጊዜ ልጽፍልሽ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ሁሌም የምጀምረው "ሥራ በዝቶብኝ" ብዬ ነበር። እሱን ከጻፍኩ በኋላ እጄ አልሄድ ይለኛል፣ ውሸት ስለሆነ። እውነቱን አሁን እነግርሻለሁ። ግን ዙሪያውን ሄጄ፣ በጫካ በኩል አድርጌ ነው የምደርስበት። አንቺ የጫካ ሰው ነሽና ትታገሺኛለሽ።

ልጄ 11 ዓመት ሞላት። የትምህርት ዕረፍቱን ሙሉ "ካምፒንግ ውሰጂኝ" ስትለኝ ከረመች። እኔ አሁንም አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ዕረፍት ሳገኝ የምመኘው አልጋዬን ብቻ ነው። ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ጨከንኩና ሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ድንኳን ከጎረቤት ተዋስኩ። "ቴንት በአማርኛ ምንድነው?" አለችኝ። ድንኳን አልኳት። ቃሉን ወደደችው። መኪና ውስጥ "ድንኳን፣ ድንኳን" እያለች ስታዜመው ሆዴ ባባ። ለእኔና ለአንቺ ድንኳን ምን እንደሆነ እሷ በምን ታውቃለች? እኛ ሰፈር ድንኳን የሚወጣው ከእድር ቤት ነው። ወይ ለሰርግ ነው፣ ወይ ለለቅሶ። ሰው ደጅ ሲተከል ካየሽ "ማን ነው?" ብለሽ ነው የምትሮጪው።

የወጣነው በቡሄ ዕለት ነው። ከዋዜማው ሙልሙል ጋግሬ ነበር። ፍልሰታ ስለሆነ ስንቃችን ቀላል ነው፤ ሙልሙል፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ድንች። ጀበናዬንም በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩ።

መንገዱ ወደ ምዕራብ ሦስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ሳይድሊንግ ሂል በሚባል ቦታ ለአውራ ጎዳናው ብለው ተራራውን ለሁለት ሰንጥቀውታል። የድንጋዩ ንብርብር እንደ ጎድጓዳ ሳህን ታጥፎ ይታያል። ልጄ ከስልኳ ቀና ያለችው እዚያ ጋ ነው። ከዚያ አልፎ ደግሞ የውሃ መለያያውን የሚያሳይ ምልክት መንገድ ዳር ተተክሏል። ከምልክቱ በምሥራቅ የጣለው ዝናብ በፖቶማክ አድርጎ አትላንቲክ ይገባል። በምዕራብ የጣለው ኦሃዮን፣ ከዚያ ሚሲሲፒን ይዞ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። እንጦጦ ላይ አቁመሽ "በዚህ ጎን የሚወርደው አዋሽ ነው፣ በዚያ ጎን የሚወርደው አባይ" ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ለልጄ ልክ እንዳንቺ በእጄ እያሳየሁ ነገርኳት።

የሄድንበት ፓርክ ስዋሎ ፎልስ ይባላል። የስቴቱ ፓርክ ነው፤ ጋሬት ካውንቲ ውስጥ፣ ኦክላንድ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ። በሥራ ቀን ስለሆነ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስልኬ ኔትወርክ አጣ። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከሰዓት በኋላ ግን የት እንዳስቀመጥኩትም ረሳሁት።

ደንቡ ብዙ ነው፤ ምክንያቱ ሲገባኝ ግን ሁሉንም ወደድኩት። ጥቁር ድብ ስላለ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም። ቆሎው ሳይቀር መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ያድራል። ማገዶም ከቤት ይዞ መምጣት አይፈቀድም፣ እዚያው አካባቢ ነው የሚገዛው። እንጨት ውስጥ ተደብቃ ከአገር አገር የምትሄድ አረንጓዴ ጥንዚዛ አለች። ከእስያ መጥታ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ከተገኘች ወዲህ አሽ የሚባለውን ዛፍ ፈጅታዋለች። አንድ ሰው መኪናው ኋላ ላይ ጥቂት ፍልጥ ጭኖ ሲሄድ ለአንድ ጫካ ሞት ጭኖ እየሄደ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ ዛፎቹ ልንገርሽ። ለዚህ ነው አንቺን አንቺን ያሰኘኝ።

ሄምሎክ ይባላል። ሶቅራጥስ ከጠጣው መርዝ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው፤ ያ ቅጠላ ቅጠል ነው፣ ይሄ ግንድ ነው። ሲያዩት ጥድ ይመስላል። ቅጠሉ መርፌ ነው፣ ግን አጭርና ጠፍጣፋ። ሲገለበጥ ሆዱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር አለው። ፍሬው የአውራ ጣቴን ጥፍር ታህል ይሆናል፤ ከዚያ ግዙፍ ዛፍ ላይ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር መውረዷ ገረመኝ። ከሥሩ ስትገቢ ቀኑ ይመሻል። አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ወንዙም በጥላው ቀዝቅዞ ስለሚኖር ነው ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚስማማው። ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው አሉ። ጎንደር ላይ አፄ በካፋ ሲነግሡ እነዚህ ዛፎች በቅለው ነበር ማለት ነው። እኔና ልጄ አንዱን ለሁለት አቀፍነው፣ እጃችን አልተገናኘም።

እንዴት ተረፉ ብለሽ ትጠይቂያለሽ፣ አውቅሻለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የዚያ አካባቢ ተራራ ሁሉ ተመንጥሯል። ሄምሎክን ለቅርፊቱ ሲሉ ነበር የሚቆርጡት፤ ቆዳ ለማልፋት። በ1906 ጋሬት የሚባሉ ወንድማማቾች ወደ 2,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት ለስቴቱ ሰጡ፣ ጫካ ሆኖ እንዲጠበቅ ብለው። የሜሪላንድ የደን ጥበቃ ከዚያ ስጦታ ነው የተነሣው። ይሄን ሳነብ የሱባ ጫካ ትዝ አለኝ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው መናገሻ ላይ አስተከሉ ያልሽኝ። ወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሆነሽ ለዕረፍት መጥተሽ ነበር። ጽዱን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን ግንዱን በመዳፍሽ እየመታሽ በስም ጠራሽልኝ። ጉሬዛ ከላያችን ሲዘል ጮኬ አንቺን ይዤ ወደቅሁ። እናትሽ የሰነቁልን ዳቦ ቆሎ መሬት ላይ ተበተነ፣ አንድ በአንድ ለቅመን በላነው።

የስዋሎ ፎልስ ዛፎች ግን አሁንም አልዳኑም። ከጃፓን የመጣች፣ በዓይን የማትታይ ያህል ያነሰች ነፍሳት አለች። በምሥራቅ አሜሪካ መጀመሪያ የታየችው በ1951 ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። መርፌው ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት ቦታ ተጣብቃ ዛፉን ትመጥጣለች። እላይዋ ላይ ነጭ ጥጥ ትሠራለች። ዛፉ ምንም ሳይመስል ቅጠሉን ያረግፍና በጥቂት ዓመት ውስጥ ቆሞ ይደርቃል። የፓርኩ ሠራተኛ ቅርንጫፍ ገልብጦ የደረቀ ጥጧን ለልጄ አሳያት። መድኃኒቱ የሚሰጠው በየዛፉ ነው። ለእያንዳንዱ ግንድ ሥሩ ድረስ ሄደው አፈሩ ውስጥ ይጨምሩለታል፣ ሥሩ ይስበዋል። ዓመታት ሲያልፉ ተመልሰው ይደግሙለታል። ሜሪላንድ ውስጥ ነፍሳቷን የምትበላ ጥንዚዛም ለቀዋል። ልጄ "ሁሉንም ዛፍ ነው?" አለችው። "የምንችለውን ያህል" አላት። እኔ ያን ሰው አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

መንገዱ አጭር ነው፤ ዋናው ዙር ሁለት ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። በገደሉ አፋፍ፣ በድንጋይና በሥር መካከል ይወስድሻል። ወንዙ ያካጌኒ ይባላል። ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው፣ እንደ አባይ። መዲ ክሪክ የምትባለው ገባር ደግሞ 16 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወረወርና ትቀላቀለዋለች። ውሃዋ ከረግረግ ስለምትነሳ ቀይ ሻይ ትመስላለች፤ ልጄ "ቀረፋ ብቻ ነው የጎደላት" አለች። ፏፏቴው ሥር ሄንሪ ፎርድ፣ ቶማስ ኤዲሰንና ሃርቪ ፋየርስቶን በ1918 እና በ1921 ድንኳን ተክለው አድረዋል። አምፖል ለዓለም ያደረሰ ሰው ጨለማ ፍለጋ እዚያ መምጣቱ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ቀን ወደ ሄሪንግተን ማነር ፓርክ የሚያደርሰውን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር መንገድ ጀምረን ግማሹ ላይ ተመለስን። እግሬ እምቢ አለኝ። ስንመለስ ልጄ ካልሲዋ ላይ መዥገር አገኘች፤ ድሮ አንቺ የከብት መዥገር በጥፍርሽ ስትነቅዪ እንዳየሁሽ ነቀልኩላት።

እንግዲህ ደረስኩበት።

በመጀመሪያው ማታ እሳት አነደድን። ልጄ አንዲቱን ቀጭን እንጨት እንደ ችቦ ይዛ "ሆያ ሆዬ" ለማለት ሞከረች። "ሆ!" እያልኩ ተቀበልኳት። ሙልሙሏን ሰጠኋት። ድንኳን ውስጥ ገብተን እንደተኛን ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ዶፍ። ሸራ ላይ የሚወርድ ዝናብ ድምፁ የትም አንድ ነው። ተኝቼ ስሰማው ጫካው ጠፋብኝ። እናንተ ደጅ ያለው ድንኳን ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ያልተቀመጥኩበት ድንኳን።

እማዬ ማረፋቸውን የሰማሁት ባረፉ በማግስቱ ነው። እናትሽን እማዬ ነው የምላቸው፣ ታውቂያለሽ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ሌሊት። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስልኬ ላይ ስምሽን አወጣሁት። ድምፅሽን ስሰማ ምን እንደምል አጣሁ። ጠዋት ስወጣ እደውላለሁ አልኩ። ጠዋት አልቅሼ ተኛሁ። ሣልስቱ አለፈ። አርባው አለፈ። ከአርባው በኋላማ ምን ዓይን ኖሮኝ? ሰማንያው አለፈ፣ ሙት ዓመቱ አለፈ። ያሳደጉኝን ሰው ለቅሶ አልደረስኩም። እድርተኛ፣ ጎረቤት፣ የማያውቃቸው ሁሉ መጥቶ ሲቀመጥ እኔ አንድ ስልክ መደወል አቃተኝ። ሥራ አይደለም ያስቀረኝ። ፈሪ ሆኜ ነው፣ ከዚያ ደግሞ አፍሬ።

ልጄ ሳለቅስ ሰማችኝ። ነገርኳት። እማዬ ማን እንደሆኑ፣ የነጠላቸው ጥለት ሁሌ አረንጓዴ እንደነበር፣ ከትምህርት ቤት ስንመጣ ሳይጠይቁ ቁራሽ እጃችን ላይ እንደሚያደርጉ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ተተክሎ እንደሚቀመጡ። እኔ እንዳልተቀመጥኩ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ከመኝታ ከረጢቷ ወጥታ ተነስታ ተቀመጠች። ነጠላዬን ከቦርሳው አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። "በቃ እንቀመጥ" አለችኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ይሄን ደብዳቤ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፣ በባትሪ ብርሃን፣ በእሷ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ዘግይቼ ነው የምልሽ። ይቅር በዪኝ።

የፊታችን እሁድ፣ በእናንተ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ያን ቀን ካልሆነልሽ በሚቀጥለው እሁድ እደውላለሁ። ከዚያም በሚቀጥለው።

ልጄ የሄምሎኩን ፍሬ ልትልክልሽ ፈልጋ ነበር። ከፓርኩ ምንም ነገር ይዞ መውጣት አይፈቀድም። ስለዚህ ቁጭ ብላ ሣለችው። ፖስታው ውስጥ አለ፣ ቅርንጫፉም ሁለቱ ነጭ መስመሮችም በሙሉ አሉ። "በአማርኛ ስሙ ማነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅሁም። አክስትሽ ትነግርሻለች አልኳት። ከሥዕሉ በታች ባዶ መስመር ትታልሻለች፤ ስም አውጪለትና መልሰሽ ላኪላት።

ያቺው እህትሽ